ዘጠነኛው ቱቦ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ከነገ ወዲያ» ነው የሚላቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ከእኔና ከደመወዝ ክፍሏ ሴትዮ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ባክቴሪያ እያሳደጉ፣ እኔ ከመስኮቱ ላይ ውጤት እየሰጠሁ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ አሁን ሽምጥጥ አድርጌ ብክድ ማን ያምነኛል። ሰው መጥቶ «ደርሷል?» ሲለኝ ዞር ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከውስጥ ያ የተረጋጋ ድምፅ «ከነገ ወዲያ» ይላል። እሳቸው አንዴ ተናግረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ስድቡን ቀኑን ሙሉ የምጠጣው እኔ።

ሥራው ራሱ ጊዜ ይፈጃል፤ ይህን አልክድም። ከበሽተኛው የመጣውን ደም ወይም ሽንት በመስታወት ሰሃን ላይ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ይቀቡታል፣ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያው ካለ በሁለተኛው ቀን እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። ጋሼ ግን ብቅ ያለውን አያምኑም። ያንኑ እንደገና በሌላ ሰሃን ላይ ዘርተው እንደገና ይጠብቃሉ። ሌላው ላቦራቶሪ አንዴ የሚሠራውን እሳቸው ሁለቴ ይሠሩታል። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ፤ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ቀጭን ናቸው፤ ረጅም። እጃቸው ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። ቀትር ላይ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይበላሉ፤ እንቁላሏን ሲልጡ ቅርፊቱ ከሁለት በላይ እንዳይሰበር ይጠነቀቃሉ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመደርደሪያው ላይ ባሉት ጠርሙሶች ውስጥ አልፋ ግድግዳው ላይ ቢጫና አረንጓዴ ስትረጭ፣ ማሞቂያው ሳጥን በስሱ ያንኮራፋል፣ እሳቸውም አጠገቡ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ተኝተዋል ብዬ በእግሬ ጣቶች ጫፍ ሳልፍ «አልተኛሁም፤ እየጠበቅኩ ነው» ይሉኛል። ያን ሰዓት እወደው ነበር። ከመስኮቴ ውጭ ሰው እየተጋፋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ግን ጊዜው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሰላም ያፈረሰችው ዶክተሯ ናት። ወጣት ናት፤ ስትራመድ ትሮጣለች፣ ስታወራም ትሮጣለች። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ በበረዶ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቫይረስ።»

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። እሷ ሳቀች።

«አትፍሪ፣ ሰው አይነካም። የሚይዘው ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ብቻ። እኛ ደግሞ ውስጡ ብርሃን መሥሪያ መመሪያ ጨምረንበታል። ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ራሱ ያበራል።»

«አምፖል ዋጠ በይኛ።»

«እንደዛ በይው። ሁለት ቀን መጠበቅ ቀረ። በሦስት በአራት ሰዓት እናውቃለን።»

ጋሼ ብልቃጦቹን ጎንበስ ብለው አዩ። አልነኳቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ዶክተሯ ስትሠራ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ፣ ይሄዳሉ። በሳምንቱ፣ እኔ እንደለመድኩት ነገር ሊያጓትቱ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ባክቴሪያው ሲያበራ ያመዋል?» ብለው ጠየቋት።

ዶክተሯ ከሥራዋ ቀና አለች። «ይሞታል ጋሼ። አብርቶ ነው የሚሞተው።»

«አሃ» አሉ። የዚያን ቀን እንቁላላቸውን ሳይበሉ መለሷት።

ብርሃኑን የሚለካው መሣሪያ በሁለተኛው ወር ተበላሸ፤ የሚጠግነው ሰው ይመጣል እየተባለ እስካሁን አልመጣም። ዶክተሯ ቅስሟ ሊሰበር ሲል ጋሼ ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ድሮ የራጅ ፊልም የሚታጠብባት፣ ብርሃን የማይገባባት ጠባብ ክፍል አለች። በርጩማ አስገቡ፣ መደርደሪያ አስገቡ፣ በሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑ። ቱቦዎቹን ደርድረው ሃያ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዓይን ጨለማውን ካልለመደ ያችን ትንሽ ብርሃን አያይም። ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ሌላውን ሰው ያሳብደዋል፤ ለጋሼ ግን ሥጦታ ነበር። ወጥተው ቁጥር ይነግሩናል፤ «ሦስተኛው በርቷል፣ ሌላው የለም» ብለው። ሲወጡ ከእንቅልፍ የነቁ ሕፃን ይመስላሉ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ እህቴ እስክትወልድ ድረስ።

ታናሽ እህቴ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጠብቃለች። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ክፍል ከላቦራቶሪው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ እሷም የወለደችው እዚያው እኛ ሆስፒታል፣ በሰባት ወሯ። ሴት ልጅ። እፍኝ የማትሞላ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ የክብሪት እንጨት አያክሉም ነበር። መጥባት ስለማትችል እህቴ ወተቷን እያለበች በጠርሙስ ታስቀምጣለች፣ ነርሶቹ በቀጭን ቱቦ ያጠጧታል። ጠርሙሶቹን የማጥበው እኔ ነኝ። ማንንም አላምንም ነበር፤ እጇ ንጹሕ ነው የምባል ሴት ነኝ። ከእህቴ ጎን ያለችው እናት ደግሞ ከሩቅ የመጣች፣ ጠያቂ የሌላት ናት። ወንድ ልጅ ነው የወለደችው፤ እሱም ያው ጭብጥ የማይሞላ። አንጀቴን በላችኝና «የአንቺንም ስጪኝ፤ አብሬ አጥባለሁ» አልኳት። ጠዋት ቤቴ አጥባለሁ፣ ቀትር ላይ እዚሁ መሥሪያ ቤት አጥባለሁ፤ ብሩሹ እንደረጠበ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከቦርሳዬ አይለይም። ሁለቱ እናቶች ሲመርቁኝ ልቤ እንዴት እንደሚያብጥ አልደብቅም።

በአሥረኛው ቀን ሁለቱም ሕፃናት አተኮሱ። አንድ ቀን፣ ሁለቱም።

ዶክተሯ ትንሽ ደም ወሰደች፤ ከዚያ አካል ላይ ደም መውሰድ ራሱ ያስፈራል። ደሙን በሞቀ ምግብ ውስጥ አሳድረው በማግስቱ ቫይረሶቹን ጨመሩ፤ ቀትር ሳይሆን ጋሼ ከጨለማው ወጡ። «ሁለተኛው ቫይረስ በርቷል። ሁለቱም ላይ» አሉ። እሳቸው እንደልማዳቸው ቢደጋግሙት ኖሮ አራት ቀን ነበር። የባክቴሪያው ዓይነት ስለታወቀ መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተቀየረ። ትኩሳቱ ወረደ፤ ነፍሴ መለስ አለች። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሶ ወጣ፤ የወንዱ ደግሞ ባሰ።

«ከአንድ ቦታ እየገባባቸው ነው» አለች ዶክተሯ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስታወራ ሰማኋት። «ምንጩን ካልደፈንን መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም። ሌሎቹ ሕፃናትም ይከተላሉ።»

ጋሼ ጋሪያቸውን እየገፉ ላይ ወጡ። የቧንቧውን ውሃ፣ የሳሙናውን ዕቃ፣ የማቀዝቀዣውን እጀታ፣ የመስታወት ሳጥኖቹን ውሃ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ በጥጥ እየነኩ አሥራ አንድ ቱቦ ሞሉ። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጡ።

«ከውጭ ወደዚያ ክፍል የሚገባ ምን አለ?»

ሳልተኛ ነው የሰነበትኩት፤ ደም ሥሬ ተገተረ። «እኔ አለሁ! እኔንም በጥጥ ይንኩኝ። ጠርሙስ አጥባለሁ፤ ይኸው ብሩሼ፣ ይውሰዱት። ቫይረስዎ ጥርሱን ይፍቅበት።»

አልተቆጡም። ብሩሹን ከነፕላስቲኩ በሁለት ጣት ተቀበሉ፣ በጥጥ ነክተው ጥጡን ባዶ ቀርታ በነበረችው ዘጠኝ ቁጥር ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ ብሩሹንም ጋሪው ላይ አስቀሩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሼና ዶክተሯ ከጨለማው ክፍል ወጡ። ምንም የበራ የለም። አሥራ ሁለቱም ጨለማ።

«እንግዲህ ንጹሕ ናቸው» አለች ዶክተሯ። «ከግድግዳው ይሁን ከጣሪያው አናውቅም። ክፍሉ ይዘጋል፤ ሕፃናቱ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዛወራሉ። መኪና ለአሥር ሰዓት ታዟል።»

ሌላው ሆስፒታል የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ እነዚያን ሁለት ሕፃናት እንደዚያ ባለ ትኩሳት በመኪና ማንገላታት ምን ማለት እንደሆነ። የመስኮቱን ደፍ ይዤ ቆምኩ።

ጋሼ አንዱን ቱቦ አንስተው በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። «ይሄ ሌሊቱን የት አደረ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ» አለች።

«ከዚያስ?»

«አውጥተን ቫይረሱን…»

«ደሙን አሙቀነው ነበር፤ አብልተነው ነበር። እነዚህን ከብርድ አውጥተን ነው የጠየቅናቸው። የተኛ ባክቴሪያ ቢነኩትም አያበራም።» ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «ሦስት ሰዓት ሞቅ ይበሉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ከቫይረሱ ጋር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናያለን።»

ዶክተሯ እስከ ጆሮዋ ቀላች። በሦስት ሰዓት የሚመጣ ውጤት ሰውን እንዴት እንደሚያስቸኩለው ያን ቀን ገባኝ። ከነገ ወዲያ የሚደርስ ነገር ማንም አንድ ሰዓት ላሳጥርለት አይልም፤ ዛሬ የሚደርሰውን ነው ከአፉ ላይ ለመንጠቅ የምንጣደፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሯ ሕፃናቱን ለመንገድ በማዘጋጀት ላይ ነበረች። ጋሼ ወደ ጨለማው ሲገቡ ተከተልኳቸው። «ልግባ?» ሳልል ገባሁ፤ «ግቢ» ሳይሉ በርጩማውን ለቀቁልኝ።

ሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ ጨለማው ከበደኝ። ከዚያ እጄን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ድምፅ ሁሉ ራቀ፤ ጋሪው፣ ስልኩ፣ መስኮቴን የሚያንኳኳው ሰው፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ እንዳለ ሆነ። የጋሼ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ዝግ ያለ። ግድግዳው የቀረ መሰለኝ፤ ሁለታችን መሬት በሌለው ቦታ ላይ ተቀምጠን፣ ከበላያችን እህቴ፣ ከእሷ ዕቅፍ ውጭ ያለችው ያቺ ትንሽ ልጅ፣ ሁላችንም አንድ ነገር እየጠበቅን። አልተኛሁም፤ ግን ሕልም ውስጥ ነበርኩ ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔ ያታለለኝ መሰለኝ። ሰማያዊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ እዚህ ግባ የማይባል ብርሃን። ትክ ብዬ ሳየው ይጠፋል፣ ጎኑን ሳይ ተመልሶ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አላየሁም።

«ጋሼ፣ በራ» አልኩ በሹክሹክታ። «አንዱ በራ። ተገኘ።» እንባዬ ወረደ። እጃቸውን ፈልጌ ያዝኩ። ከግራ በኩል በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ ሰማኋቸው፤ ብርሃኑ ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ስንተኛው ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ምን ነበር?»

እጄን አጥብቀው ያዙ። ያኔ ትዝ አለኝ። ክው አልኩ። ብርሃኑ እዚያው ነበር፤ እንደበፊቱ ያምራል።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ። «ጋሼ፣ ይጣል። አሁኑኑ እጥለዋለሁ፣ ምንጩ ይቆማል። ወረቀቱ ላይ ያልታወቀ ብለው ይጻፉ። እህቴ ካወቀች አታየኝም። ያቺ ሴትዮም… ሆድ ይፍጀው ይበሉ፤ እግርዎን ልሳም።»

በጨለማው ውስጥ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ከዚያ፣ ማሞቂያው አጠገብ እንደሚያወሩበት ባለ ድምፅ፣ ነገሩኝ።

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ተነሥቶ ነበር። ምንጩ የእኔ ውሃ ነበር። እኔ የማጣራው ውሃ፤ ዕቃውን በደንብ አላጠብኩትም። አገኘሁት። አፈርኩ። ውሃውን ደፋሁና ‹ምንጩ አልታወቀም› ብዬ ጻፍኩ። ያለቀ መስሎኝ። ከዚያው ውሃ አንድ ጠርሙስ ለቀዶ ጥገና ክፍል ሰጥቼ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ወረቀቱ አልታወቀም ስለሚል ማንም አልፈለገውም። አንዲት ልጅ ሞተች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዴ ያየሁትን አላምንም። ራሴን ነው የማላምነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቄባቸዋለሁ።

«ስለዚህ ተናገሪ» አሉኝ። «ብሩሹ የነካው ምን ምን ነው? አሁን የት ነው ያለው?»

አእምሮዬ ያኔ ነው የነቃው። ብሩሹን ከመስጠቴ በፊት አጥቤበት ዛሬ ጠዋት ያመጣኋቸው ጠርሙሶች። ስድስቱም። ወተት ተሞልተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ናቸው፤ ከመኪናው በፊት ሊጠጡ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ጋሼ ከኋላዬ፣ ያን ዕድሜ ይዘው፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ መጡ። ነርሷ ወተቱን ቀድታ ቱቦው ላይ ልትጨምር እጇን አንሥታ ነበር። «አቁሚ» አሏት ጋሼ። ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ወረቀቱን አውጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ዘረጉት። ቀኑን ጻፉ፣ የቫይረሱን ዓይነት ጻፉ፣ «ናሙናው የተገኘበት» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። «የጡጦ ብሩሽ፤ ከእኔ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ዞሬ ለሁለቱ እናቶች ነገርኳቸው።

እህቴ አመድ መሰለች። «እታለም» አለችኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላዋ እናት ግን ትክ ብላ አየችኝ።

«የእኔንም በእሱ ነው ያጠብሽው?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ልጇን ማየት ቀጠለች።

መኪናው ቀረ። ወተቱ ተደፋ፣ ጠርሙሶቹ ተቃጠሉ። በሁለተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ትኩሳት ወረደ፤ አልተመለሰም። የወንዱ ስድስት ቀን ፈጀ፤ በአራተኛው ቀን ትንፋሹ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ውስጥ አልገባም ነበር። እህቴ በሳምንቱ ምግብ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ያቺ ጥያቄ ታርቀናል ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላዋ እናት ግን አንዲት ቃል አላወጣችም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ብሩሹ በተገኘ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ መስኮቴ መጣች። ፀጉሯ ተበታትኗል።

«ልጄን ሰው ደረት ላይ ያኑሩት ብለዋል፤ ሙቀት ይፈልጋል። እኔ ገላዬን ልታጠብ ነው፤ ሳልታጠብ አሥር ቀኔ» አለችኝ። «እጅሽን ታጥበሽ ነይ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ወደ መጋረጃው ጀርባ ሮጥኩ። እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ እንደገና ታጠብኩ፣ ቆዳዬ እስኪቀላ ፈተግኩት። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ጋሼ ፊት ዘረጋሁ። «ይመርምሩልኝ። ጥጡን ያምጡ። አራት ሰዓትም ቢሆን ትጠብቀኛለች።»

ጥጡ አጠገባቸው ነበር። ብልቃጦቹም ነበሩ። ጋሼ እጆቼን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯቸው፣ አዩዋቸው፣ ለቀቋቸው።

«ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ሂጂ፣ አታስጠብቂያት።»

ሳይመረምሩ የሰጡኝ ውጤት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይሄ ብቻ ነው። ላይ ወጣሁ። ልጁን አውጥታ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ፣ ብርድ ልብሱን ከላይ አለበሰችን፣ ፎጣዋን አንሥታ ወጣች። አንድ ኪሎ ተኩል ነው፤ ምንም አይከብድም። ለመንቀሳቀስ ፈርቼ፣ እናቱ እስክትመለስ፣ ትንፋሹን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ።